ግሉተን የሌለው የመኮሮኒ ሰላጣ ለመልስ ድግስ፤ ሠርቶት የሚያውቅ አለ?

የአዘዞዋ

እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ የጓዳ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ታናሽ እህቴን እንድራለን። ሠርጉ አዳራሽ ስለሆነ እሱ አያሳስበኝም፤ ምግቡን የያዙት ሰዎች አሉ። መልሱ ግን እኛው ግቢ ነው፣ አዘዞ፣ ድንኳን ተጥሎ። ሚያዝያ ላይ እዚህ ፀሐዩ እንዴት እንደሚያነድ ታውቁታላችሁ። ድንኳን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከወጡና ከጥብሱ ጎን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ይኑር ተባለና ሰላጣው ለኔ ደረሰኝ።

የወንድሜ ሚስት ከጀርመን ትመጣለች። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም አለባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር ትንሽ እንኳ በምግብ ካገኛት ሆዷ ይታወክና ቀናት ትተኛለች። እነሱ አገር በጋ ሲገባ ሰው ግቢ ወጥቶ ሥጋ ሲጠብስ የመኮሮኒ ሰላጣ አይቀርም አሉ። እሷም የምትወደው እሱን ነው። «እኔ መኮሮኒውን አመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ ሥሪልኝ» አለችኝ።

ባለፈው መጥታ ስትሄድ ከሩዝ የተሠራ አንድ ፓኬት ትታልኝ ነበር። ለሙከራ ቀቀልኩት። ትኩሱን ሲበሉት ምንም አይልም። ፍሪጅ አሳድሬ ጠዋት ሳወጣው ግን ደርቋል፤ በሹካ ስነካው ይሰበራል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ደግሞ ጠብቄ ነው ያወጣሁት።

እንዳይደርቅ ምን ይደረግ? ማዮኔዝስ በዚህ ሙቀት ያዋጣል? ጾም ስለማይኖር እንቁላሉም ዶሮውም ይቻላል።

የጓዳ ሰው

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጋብቻውን የአብርሃም የሣራ ያድርግላቸው።

እኔ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ፋሲል ግንብን አይቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄደው ቱሪስት ምሳውን እኛ ጋ ይበላ ነበር። በኋለኛው ጊዜ «ግሉተን አለው ወይ?» የሚል እንግዳ በዛ። መጀመሪያ ቅብጠት ይመስለን ነበር። ሕመም መሆኑን ስንሰማ አደብ ገዛን።

መኮሮኒሽ የደረቀው ባንቺ ጥፋት አይደለም። የስንዴን ፓስታ አስሮ የሚይዘው ግሉተኑ ነው። ሩዝና በቆሎ ያ የላቸውም። ቅርጹን የሚይዘው ስታርቹ፣ ዱቄታማው ነገሩ፣ ብቻ ነው፤ ስታርች ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የትናንት ሩዝ ፍሪጅ አድሮ ምን እንደሚሆን አይተሽ የለ? እሱ ነው። ስለዚህ ማታ ቀቅለሽ አታሳድሪው፤ የመልሱ ዕለት ጠዋት ቀቅዪው። ድንገት ቢደርቅብሽም አትጣዪው። የፈላ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ነከር አድርገሽ ብታወጪው መልሶ ይለሰልሳል።

የፓኬቱን ደቂቃ አትመኚ። እሱ የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃችን የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ፓስታ ሁልጊዜ ይዘገያል። ደቂቃው ሲሞላ አንድ ፍሬ አውጥተሽ ንከሺ፣ ከዚያ በየደቂቃው ቅመሺ። በትኩስ ለሚበላ መሃሉ ትንሽ ጥርስ ላይ ሲይዝ ይወጣል። ለሰላጣ ግን ከዚያ ትንሽ ለስለስ ይበል፣ ሲቀዘቅዝ መጠንከሩ አይቀርማ።

ድስቱ ትልቅ ይሁን። ለግማሽ ኪሎ 5 ሊትር ውሃ። ይህ ዓይነቱ መኮሮኒ ብዙ ስታርች ይለቃል፤ ውሃው ካነሰ ይጣበቃል፣ አረፋውም ምድጃውን ያጥለቀልቀዋል። ጨው አትሰስቺ፤ ቀዝቃዛ ምግብ አልጫ ይመስላል። እንደገባ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ አማስዪው፣ ከዚያ ተዪው። ብዙ ከነካካሽው ይፈረካከሳል።

ሲወጣ ሙቀቱ ጨርሶ ሳይጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ እጠቢው። የስንዴውን ብታጥቢ እቆጣሽ ነበር፤ ይኸኛው ግን ካልታጠበ አንድ ላይ ይጋገራል። የምታጥቢበት ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ እንግዳሽ ከውጭ ነው የምትመጣው። ውሃውን በደንብ አንጠፍጥፊና ዘይት ቀባ አድርገሽ ሰፊ ትሪ ላይ በትኚው።

ማዮኔዙን እርሺው። እኔ የምለው ሰናፍጭ ነው። አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት እጅ ዘይት፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቆንጠር ስኳር። ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ ናጪው። የተዘጋጀ ሰናፍጭ ከገዛሽ ዱቄት ያልገባበት መሆኑን ጠይቂ። ግማሹን መኮሮኒው ለብ እንዳለ አፍስሺበት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ግማሹን ሊቀርብ ሲል።

ወፈር ያለ ነገር ከፈለግሽ ደግሞ የኛው ሰሊጥ አለ። ከመተማ በኩል የሚመጣውን ቅዳሜ ገበያ ታገኚዋለሽ። ለቀም፣ አመስ፣ ከዚያ ወቀጥ። ሲወቀጥ ዘይቱን ይሰጥሽና ይላቆጣል። ሎሚና ጥቂት ውሃ ጨምረሽ ስትመቺው ነጣ ብሎ ይወፍራል። ማዮኔዝ የለመደ እንኳ አይከፋውም።

ቲማቲሙ ፍሬው ወጥቶ ይግባ፣ አለዚያ ውሃ ይሆንብሻል። ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ቆርጠሽ ሎሚ ውስጥ አቆዪው። ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፤ ከላይ እንቁላልና በሶብላ። አቮካዶ አይግባ፣ ሰው እስኪቀመጥ ይጠቁራል።

ፒያሳ ቆሞ ቀር

ሠርግ ሲባል ነው የምነቃው፣ ይቅርታ። ጣሊያን ፒያሳን ሠርቶ ፓስታ አስለምዶን ሄደ፤ አሁን ደግሞ ቀዝቃዛውን ልትበሉት ነው? ለምን የበቆሎና የሽምብራ ንፍሮ አትቀቅሉላትም? ግሉተን የለው፣ ወጪ የለው።

የጓዳ ሰው

ለመልስ ንፍሮ? ለቅሶ ቤት መሰለህ እንዴ? ይሄኔ ነው ቆመህ የቀረኸው።

የልጅ እናት

የኔ ልጅ ሴሊያክ አለበት፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጋሼ ሰላጣ ጥሩ ነው። የሚያሰጋው ግን ሰላጣው አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ነው።

ማጥለያሽ ፕላስቲክ ከሆነና የስንዴ መኮሮኒ ሲጠልበት የኖረ ከሆነ ለሷ አዲስ ግዢ። ቀዳዳው ውስጥ የሚቀረው አይታጠብም። የእንጨት ማማሰያውም እንደዚያው። እነዚህ ብዙ ብር አያስወጡም።

«እንጀራ ትበላለች፣ ጤፍ ነው» የሚላችሁ ይኖራል። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፣ እውነት ነው። ግን እንጀራው ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። እርሾው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ አለ፤ ካንቺ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ድንጋዩ ላይ የቀረው ካንቺ ጤፍ ጋር ይወርዳል። እኔ ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ፈልጌ ነው የማስፈጨው፣ እሱንም ጠዋት ወረፋ ሳይበዛ። ሽሮውም ያው ነው። አጃም አይሆንላትም።

ጠላ በፍጹም፤ ብቅሉ ገብስ ነው። ቢራም እንደዚሁ። ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ትጠጣ። ሰላጣው ላይ አቼቶ የሚጨምር ሰው ካለ ጠርሙሱን አንብቡ፣ ከብቅል የሚሠራ አለ። የሾርባ ቅመም ኩቡም ይነበብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጉርሻ! እናንተ ሰላጣውን ለብቻ አስቀምጣችሁ ስትጠብቁ አንዷ አክስት ድፎ ዳቦ ስትቆርስ በነበረ እጇ «የወንድሜ ልጅ ሚስት፣ ላጉርስሽ» ብላ ትመጣለች። ልጅቷ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ይህን አስቀድማችሁ ለሴቶቹ ንገሩ፣ ያውም ቀለል አድርጋችሁ አይደለም። «አይስማማትም» ካላችሁ «ትንሽ ምን ያደርጋታል» ይባላል። «ያማታል፣ ሐኪም ከልክሏታል» በሉ።

የአዘዞዋ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሰናፍጩ ልቤ ውስጥ ገባ። የልጅ እናት፣ ጉርሻውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ እናቴ ደግሞ በዚህ አንደኛ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። አራት ፓኬት ነው የምታመጣው፣ ባለ ግማሽ ኪሎ። ሰዉ ወደ ስልሳ ይሆናል። ለሷ የሷን፣ ለሌላው የስንዴውን ልሥራ? ሙቀቱንስ እንዴት ላድርገው? መብራት ከሄደ ፍሪጁም ዋጋ የለውም።

የጓዳ ሰው

ሁለት ዓይነት አትሥሪ። ሁለቱ ሲቀርቡ አይለዩም፤ አንዱ እንግዳ ማንኪያውን ከዚያ ወደዚህ ካዞረ በቃ፣ ልፋትሽ ገደል ገባ። አንድ ሰላጣ ብቻ ይሁን፣ እሱም ግሉተን የሌለው፣ ሁሉም ከሱ ይብላ። ለጎን ምግብ ለአንድ ሰው ደረቁ መኮሮኒ 60 ግራም ይበቃል። 2 ኪሎሽ ለሠላሳ ሰው ነው ማለት ነው። ሽምብራውንና አትክልቱን ከመኮሮኒው እኩል ካደረግሽው ስልሳውን ያዳርሳል። ሥጋው እያለ ሰላጣ ቆልሎ የሚያነሳ የጎንደር ሰው አላየሁም። ከሠጋሽ የድንች ሰላጣ ጨምሪ፣ እሱ ከተፈጥሮው ስንዴ አያውቀውም። እንደዚያም ሆኖ የሷን ድርሻ አስቀድመሽ ክዳን ባለው ዕቃ ቀንሰሽ አስቀምጪ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሳህን ውስጥ ምን እንደተፈረፈረ አይታወቅም።

ለሙቀቱ፣ ሃይላንዶች ውሃ ሞልተሽ ከሁለት ቀን በፊት ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አጋድሚያቸው፣ ሰላጣውን በጎድጓዳ ብረት ሳህን አድርገሽ መሃላቸው አስቀምጪ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኚ። ሁሉንም ባንዴ አታውጪ። ሲያልቅ ሌላ ይውጣ። ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሁለት ሰዓት የቆየ የተቀቀለ ሩዝና እንቁላል አይበላም፤ ድንኳኑ እንደ እሳት ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት በቂው ነው። ከምርቃቱ በኋላ አቅርቢው እንጂ በፊት አይደለም። የኛ ምርቃት መቼ ያልቃል?

ከአገር ውጭ

መኮሮኒውን ገና ካልገዛች የሩዝ ብቻ የሆነውን ትተወው። በቆሎና ሩዝ የተቀላቀለው ሲቀዘቅዝ ይሻላል። የምስርና የሽምብራ የሚባሉትም አሉ፤ ጣዕማቸው ጠንከር ይላል፣ መቀቀሉ ከበዛባቸውም ይፈራርሳሉ። አጭርና ጠመዝማዛውን ትምረጥ፣ ሰናፍጩን ይይዛል። እዚህ ግሉተን የለውም ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይፈቀድም፣ ስለዚህ ጽሑፉ ካለበት አትሥጉ።

የአዘዞዋ

አሁኑኑ ጻፍኩላት፣ የበቆሎና የሩዙን ታመጣለች። ሰሊጡን ለቅዳሜ ገበያ ቀጥሬያለሁ።

የጉርሻውን ነገር ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያ እንዴት አድርጌ ልቀበላት?» ብላ አኮረፈች። ሰላጣውን ራሷ በንጹህ ማንኪያ እንድታጎርሳት ተስማምተናል። ከዚያ ዕቃ ሌላ ሰው እንዳይነካም እሷው ትጠብቃለች፤ እናቴ ከጠበቀች ደግሞ ማን ይደርስበታል።