ክርክር፦ «ስሙ ካልተጠራ አያፍርም»

ጣና ዳር
ባለፈው ቅዳሜ በከተማችን ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አጀንዳው «መከባበርና የእርስ በርስ ግንኙነት» ይላል። የተወሰነው ግን ይሄ ነው፦ ከሰኞ ጀምሮ የተሳደበ፣ የተደባደበ ወይም መምህር ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ተማሪ ጠዋት በሰልፍ ላይ ስሙ በማይክ ይነበባል፣ ማታ ደግሞ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። አንዲት እናት «የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችንም ነው?» ብላ ስትጠይቅ ከመድረክ የተሰጣት መልስ «ስሙ ካልተጠራ አያፍርም» የሚል ነው። ቤቱም አጨበጨበ። እኔን ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። የ7 ዓመት ልጅ እንዲዋረድ ይጨበጨባል?

ፋሲሎ
እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር። ልጆቹ መምህሩን «አንተ» ማለት ጀምረዋል። ባጃጅ ውስጥ አዋቂ ተቀምጦ እያየ የሚለዋወጡትን ስድብ ጆሮ አይችለውም። እኛን ያሳደገን ይሉኝታ ነው፤ ጎረቤት ያየኛል፣ አባቴ ይሰማል የሚል ነገር። እሱ ሲጠፋ ምን ቀረ? ስሙ ካልተጠራ በእውነትም አያፍርም።

ጥቁር ሰሌዳ
ፋሲሎ፣ «አያፍርም» ያልካትን ቃል አልለቅህም። ልጅ በሠራው ነገር ሲያፍርና በራሱ ሲያፍር አንድ አይደለም። በሠራው ያፈረ ልጅ የነጠቀውን ይመልሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። በራሱ እንዲያፍር የተደረገ ልጅ ወይ ይሸሸጋል ወይ ዐይን ያወጣል። ስሙ በማይክ የተነበበ የ2ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያ ቀን ያለቅሳል። በማግስቱ የተጠራበት ጥፋት ቅጽል ስሙ ይሆናል። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሲጠራ እየሳቀ ይወጣል። ያን ጊዜ «ይሄ ልጅ ሀፍረት የለውም» እንላለን። ሀፍረቱን የጨረስነው ግን እኛ ነን፣ በማይክ።

ደግሞ ስም መጥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍል አለቃ ሰሌዳ ጥግ ላይ «የሚረብሹ» ብሎ ስም ሲጽፍ ስንት ዘመኑ? የደገመ ስሙ አጠገብ ኤክስ ይደረግበታል። ውጤቱንም መምህር ሁሉ ያውቀዋል፦ የአለቃው ጓደኛ አይጻፍም፣ ብስኩት የሰጠ ይጠፋለታል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ግን አለቃውን የተጣላ ልጅ ይጻፋል። መምህሩም ያላየውን ጥፋት ይቀጣል። የሰልፉ ዝርዝር የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው።

ፋሲሎ
ሰሌዳን ከሰልፍ አታምታታ። ሰልፍ ላይ የሚያነበው ዩኒት ሊደሩ ነው። ደግሞ አማራጩን ንገረኛ! በአንድ ክፍል 60 ልጅ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ። መምህሩ እያንዳንዱን ቁጭ አድርጎ ሊያጫውት ነው?

ጥቁር ሰሌዳ
ቁጭ አድርጎ አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ልጅ የጎኑን ልጅ ላጲስ ነጠቀ እንበል። ማስተማርህን ሳታቋርጥ ወደ ዴስኩ ትሄዳለህ። ጎንበስ ብለህ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ የሆነውን ትነግረዋለህ፦ «ላጲሷን ሳትጠይቅ ነጠቅህ።» ቀጥለህ የሚያደርገውን፦ «መልስላትና ‹ልዋስሽ?› በላት።» ከዚያ ዘወር ብለህ ትሄዳለህ። ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጁም ጓደኞቹ እያዩት ስለሆነ እልህ ይይዘዋል። ዘወር ካልክለት ግን 10 ሰከንድ ሳይሞላ ይመልሳል። ስትመለስ ራስህን ነቀነቅ ታደርግለታለህ፣ አለቀ።

አሁን ጩኸቱን አስላው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። «ደደብ! ተነስ! አንተ ነህ ሁሌ!» ብለህ ስታቆም ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ይስቃል፤ እንደገና ጸጥ እስኪል 2 ደቂቃ ይሄዳል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስቴ ካደረግከው 10 ደቂቃ፣ የትምህርቱ ሩብ ጠፋ። ጊዜ የሌለን እኛ ነን ወይስ የምንጮኸው?

ጡረተኛው መምህር
ሁለታችሁንም ሰማሁ። ሕፃን በማይክ ይጠራ አልልም። ነገር ግን ቁጣን ከት/ቤት ጨርሶ ማውጣት ልጅን ይጎዳል። መስመር እንዳለፈ ከመምህሩ ፊት ማንበብ አለበት። የኔታ ሲቆጡ ያደገው ትውልድ እኮ ለታላቁ ከመቀመጫው የሚነሳ ትውልድ ነው።

ግዮን
የኔታ የሚል ሰው ሁሌም ዱላውን ለመደበቅ ነው የሚያነሳው። አንተም ጡረታ ከወጣህ በኋላ ክፍል ውስጥ ያለውን አታውቀውም።

ፋሲሎ
ይኸው! መከባበርን ለሕፃናት እናስተምር እያልን አባታችን የሚሆኑት ሰው «አንተ» ተባሉ። ግዮን፣ በጎጃም ምድር ሆኖ አንቱታ ጠፋብህ?

ግዮን
ማንነታቸው በማይታይበት ቦታ ዕድሜ አልቆጥርም። እሺ፣ አንቱ። ይቅርታ መምህር። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ጥቁር ሰሌዳ
ጋሼ፣ ስለ ቁጣው እስማማለሁ፤ ቆጣ ማለት ሌላ፣ መስደብ ሌላ ነው። የኔታን ካነሱ ግን እኔም ላንሳ። በአብነት ት/ቤት ተማሪው ቀለሙን የሚያሰማው አንድ በአንድ ነው። የሳተውን ቃል የኔታ እዚያው ያርሙታል፣ ደግሞ ያሰማል፣ ሲያቃና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያንን ነው ለጠባይም የምለው፤ እዚያው ማረም፣ ማስደገም፣ ማለፍ።

እኛ ግን ጠባይን አናስተምርም፣ እናዛለን። «ጨዋ ሁን» የ1ኛ ክፍል ልጅ የሚሠራበት ትእዛዝ አይደለም፤ የትኛው እጁ፣ የትኛው አፉ ጨዋ እንደሚሆን አልተነገረውም። ክፍሉ በር ላይ «ክልክል ነው» የሚሉ 15 መስመሮች ተለጥፈዋል፤ ልጁ ደግሞ ገና ማንበብ አይችልም። አራት ይበቃሉ፣ የሚታዩ ሆነው፦ ስትገባ «ይፍቀዱልኝ» በል፣ ስትዋስ ጠይቅ፣ ቧንቧ ላይ ተራህን ጠብቅ፣ ሌላው ሲናገር ጨርሶ እስኪቀመጥ አዳምጥ። መስከረም ላይ ለሁለት ሳምንት፣ በቀን 10 ደቂቃ፣ እንደ ፊደል ይለማመዱታል፤ በር ድረስ ወጥተው ያንኳኳሉ፣ ይገባሉ፣ ይደግማሉ። ከገና ዕረፍት ሲመለሱ ሦስት ቀን ይከለሳል፤ አለዚያ ይረሳል። ግብረ ገብ እንደ ትምህርት ዓይነት ተመልሶ መጥቷል፤ ክፍለ ጊዜው ትርጉም በማስጻፍ ካለቀ ግን ጥቅሙ ምንድነው?

ደንገል
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የተሰደበውስ ልጅ? ሰልፍ ላይ «እገሌ እገሌን እንዲህ ብሎ ስለሰደበ» ተብሎ ሲነበብ ስድቡ በማይክ ተደገመ ማለት ነው። ሦስት ልጅ ብቻ የሰማውን አሁን ት/ቤቱ በሙሉ ሰማው። በዚህ በጣና ሐይቅ ዳር የነገደ ወይጦ ልጆች አሉ፤ የሕዝባቸው ስም ራሱ በልጆች አፍ ስድብ ሆኖ ሲወረወርባቸው ያድጋሉ። ከገጠር መጥቶ በአነጋገሩ የሚሳቅበት አለ፣ እግሩን የሚያነክስ አለ። እነዚህ ልጆች ቆመው ባንዲራ ሲሰቀል ስድባቸው ይነበብላቸው?

ከዚያም «ይቅርታ በለው!» ይባላል። ልጁ መምህሩን እያየ «ይቅርታ» ይላል፣ የተሰደበው መሬት ያያል፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ማታ በር ላይ ድብድብ ነው። እስኪበርድለት ይጠበቅ፤ ለሕፃን 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሰው በሌለበት የተሰደበው ይናገር፣ ሌላው የሰማውን በራሱ አፍ ይድገም። «ያልኩት ነገር አስለቅሶሃል» ማለት ከቻለ ግማሹ መንገድ ተሄደ። ደብተር ቀድዶ ከሆነ የተቀደደውን ገጽ ይገልብጥለት።

ፋሲሎ
ደንገል ያልከው ልቤን ነካው። ስድቡ አይነበብ፣ ልክ ነህ። ስሙ ብቻ ይጠራ እንግዲህ።

አባይ ማዶ
ስሙ ብቻ ቢጠራም ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 «ሠ» ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ ቅጣት ወይም አያያዝ ነፃ ነው ይላል።

ፋሲሎ
ስም መጥራት ጭካኔ ነው? ዱላ የተነሳበት አለ?

አባይ ማዶ
ሕጉ «ቅጣት» ብቻ ሳይሆን «አያያዝ»ም ይላል። አልበቃህ ካለ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 ቁጥር 2 የት/ቤት ሥርዓት የሕፃኑን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ቁጥር 4 የአገሩ ሕግ አካል ነው። ቴሌግራሙማ ከዚህም ይብሳል። ሰልፍ ላይ የተነገረ ነገር ይረሳል፤ የተለጠፈ ስም ስክሪንሾት ይሆናል፣ ልጁ 8ኛ ክፍል ሲደርስም ይገኛል።

የወመህ ሰው
ስለ ግሩፑ እኛ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰዎች በቂ ልምድ ስላለን ልናገር። 70 ወላጅ ያለበት ግሩፕ ላይ የአንድ ልጅ ስም ሲለጠፍ የሚሆነው ይታወቃል። የተመታው ልጅ አባት ይጽፋል፣ የመታው ልጅ አክስት ትመልሳለች፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ቮይስ ይዘንባል፣ ጠዋት በር ላይ ወላጆች ይጣላሉ። ልጆቹ ግን ታርቀው ኳስ እየተጫወቱ ነው! ግሩፑ ለማስታወቂያ ብቻ ይሁን፤ መጻፍ የሚችለው አድሚን ብቻ እንዲሆን ይዘጋ። የልጅ ጉዳይ በስልክ ወይም በመገናኛ ደብተር።

ስልኩም አነጋገር አለው። «ልጅሽ አስቸገረኝ» ብለህ ከጀመርክ እናት ወይ ትከላከላለች ወይ ማታ ልጁን ትገርፋለች፤ ሁለቱም አይጠቅምህም። በመጀመሪያ እውነተኛ የሆነ አንድ መልካም ነገር። ከዚያ የሆነው፦ ምን፣ የት፣ ስንት ሰዓት። ከዚያ ት/ቤቱ ያደረገው። መጨረሻ ላይ ከቤት የምትፈልገው አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ። 3 ደቂቃ አይሞላም።

ስለ «ወላጅ ይዘህ ና»ም ልበል። ወረቀቱ ቀኑንና ሰዓቱን እንኳ አይናገርም። የቀን ሥራ የሚሠራ አባት ከመጣ የዕለት ጉርሱን ትቶ ነው፤ ካልመጣ ልጁ ከክፍል ይባረራል። ስለዚህ ልጁ ከመንገድ ላይ አንዱን «አጎቴ ሁንልኝ» ብሎ ይዞ ይመጣል። ይሄን የማያውቅ ርዕሰ መምህር የለም። የሰዓት ምርጫ ይሰጠው፤ ጠዋት 1:30 ወይም ማታ 11:00። ማንበብ ለማይችሉ ይደወል።

ጣና ዳር
ወላጁ ሲመጣስ? በር ላይ ጥበቃው ሱፍ ለለበሰው «ይግቡ ጌታዬ» ይላል፣ ነጠላዋን አደግድጋ የመጣችውን እናት «አንቺ፣ ወዴት ነሽ?»። ልጇ እጇን ይዞ እየሰማ ነው። ከዚያ ገብቶ መምህሩን አንቱ እንዲል እንፈልጋለን።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ይሄ እውነት ነው። ጥበቃም፣ የጽዳት ሠራተኛም፣ የቢሮ ጸሐፊም ስብሰባው ላይ አልተጠሩም። ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት የእነሱን አነጋገር ነው። አነጋገራችን ለሁሉም ወላጅ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት» ይሁን ተብሎ ቢወሰን ከማይኩ ይበልጣል። ቁጣውን ግን አልተውኩትም።

የወመህ ሰው
ቦታና ሰዓትም ይታይ። ድብድቡ የሚበዛው ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ቧንቧ ላይ፣ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ፈረቃ ሲለዋወጥ በአንዱ በር የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ ነው። በሁለቱ መካከል 10 ደቂቃ ይከፈት፣ ትንንሾቹ አስቀድመው ይለቀቁ፣ ሁለት ተረኛ መምህር በሩ ላይ ይቁም። የምታነቡት ዝርዝር በራሱ ያጥራል።

ፋሲሎ
እሺ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ይቅር። ከ5ኛ በላይ ያለው ግን አዋቂ ነው፤ እሱ ስሙ ይጠራ። በዚህ አልደራደርም። ይሉኝታ ሳይኖር ማኅበረሰብ የለም።

ጥቁር ሰሌዳ
የ12 ዓመት ልጅ በጓደኛ ዐይን ነው የሚኖረው፤ ለእሱ ይብስበታል። ይሉኝታ ደግሞ የሚያከብርህ ሰው ፊት የሚሰማህ ነገር ነው። ያዋረደህ ሰው ፊት ይሉኝታ ኖሮህ ያውቃል?

ፋሲሎ
አሁንም በቃል ልትይዘኝ ነው። የተሰደበው መምህርስ ክብር የት አለ? ለእሱ ማን ተከራከረ?

ግዮን
ይሄኛውን ጥያቄ እኔም እደግፋለሁ። መምህሩ በወላጅ ሲሰደብ ስሙ በየት ሰልፍ ይነበባል?

ጣና ዳር
ግዮን፣ እሱን ለብቻው እንክፈተው። አሁን እሑድ ማታ ነው፤ ዝርዝሩ ነገ ጠዋት ይነበባል። የወመህ ሰው፣ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ዛሬ መነጋገር የሚችል ሰው አለ?