የሙስታንጌ ዲፈረንሻል ጥርስ ሰበረ፤ 4.11 ልዘዝ? ሊሚትድ ስሊፕስ?

ባለሙስታንጉ፦ ሰላም ቤተሰብ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ነው፣ ቪ8። ትናንት ከኋላ «ቋ፣ ቋ» ማለት ጀመረ። ዛሬ ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን) አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የፒኞኑ (የትንሹ ማርሽ) አንድ ጥርስ ጫፉ ተቆርጧል። ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ፣ ኮሮናው ላይ ደግሞ ሦስት ጥርሶች ተፍቀዋል። ዘይቱ በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው ዛሬ ማታ መልስ ይፈልጋል። መኪናው እንዲፈጥንልኝ 4.11 (ኮሮናው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ 4.11 ጊዜ የሚዞርበትን ጥንድ) ልዘዝ? ሊሚትድ ስሊፕም (አንድ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ጉልበት የሚሰጠውን ዲፈረንሻል) ልጨምርበት አስቤአለሁ።

የጋራዥ ልጅ፦ ጥርስ ሐኪም ጋ ውሰደው 😄 ይቅርታ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ካምቢዮው ባለ ስንት ማርሽ ነው? የጎማው ቁጥርስ? የምትነዳውስ የት ነው?

ባለሙስታንጉ፦ ባለ አራት ማርሽ፣ በእጅ። ጎማው 195/75፣ 14 ቸርኬ። የነበረው 3.00 ነው፤ ፒኞኑ 13፣ ኮሮናው 39 ጥርስ። አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጎዳና ላይ ነኝ።

ጋሽ ሞተር፦ ልጄ፣ ከመሠረቱ ልንገርህ። ሦስት ጥርስ ብቻ መፋቁ በአጋጣሚ አይደለም። 39 ለ13 ሲካፈል ልክ 3 ነው። ስለዚህ አንድ የፒኞን ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ የሚገናኘው ከእነዚያው ሦስት የኮሮና ጥርሶች ጋር ብቻ ነው። ቁጠራቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በየ13ኛው ጥርስ ታገኛቸዋለህ። 3.55 ግን 39 ለ11 ነው። እኩል ስለማይካፈል ሁሉም ጥርስ ከሁሉም ጋር እየተፈራረቀ ይሠራል። ደግሞ ፒኞኑን ብቻ እለውጣለሁ እንዳትል። ሁለቱ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ።

ባለሙስታንጉ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው! ቆጠርኩት፤ በየ13ቱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለቮልሷ፦ ወንድሜ፣ እኔ ግን መነሻህ ላይ አልስማማም። 4.11 መኪናህን አያፈጥንም። መነሻ ላይ ያስፈነጥርሃል፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ሞተሩን ያስጮኸዋል። በዚህ ጎማ፣ በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በ3.00 ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2450 ዙር ይዞራል። በ3.55 ወደ 2900። በ4.11 ወደ 3360። 120 ከሄድክማ በ4.11 ከ4000 ያልፋል። ረጅም መንገድ ላይ ይሰለችሃል፣ ነዳጁም ይበላሃል። አምስተኛ ማርሽ ቢኖርህ ሌላ ነገር ነበር።

የጋራዥ ልጅ፦ 3.55። አትጨነቅ፣ 3.55 እዘዝ።

ባለሙስታንጉ፦ እሺ፣ 4.11 ቀረ። ሊሚትድ ስሊፑስ? ዝናብ ላይ ዳገት ስነሳ አንዱ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል።

ጋሽ ሞተር፦ የአሜሪካው መኪና ሠሪ ፓካርድ በ1956 እ.ኤ.አ. ሊሚትድ ስሊፕን ይዞ ሲመጣም ሊፈታው የፈለገው ችግር ይኸው ነበር። አንድ ጎማ ሲንሸራተት ተራው ዲፈረንሻል ለሌላውም ጉልበት አይሰጥም።

ዝምተኛው፦ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ ፍሪሲዮን ሸራ የሚፋተጉ ሳህኖች አሉት። ለእሱ ዘይቱ ላይ ልዩ ማለስለሻ ይጨመራል። ካልተጨመረ ስትታጠፍ ከኋላ ይንቀጠቀጣል። ሳህኖቹ ያልቃሉ፣ ግን ይለወጣሉ። ሁለተኛው በማርሽ ብቻ የሚሠራው ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያልቅ ሳህን የለውም። ድክመቱ አንድ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ብዙም አይረዳም። ለአስፋልት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሁለቱን ጎማዎች ሙሉ በሙሉ የሚቆልፈውን ዲፈረንሻል ግን አትንካ፤ እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላህን ይወረውርሃል።

ከማዘዝህ በፊት የሴሚያሱን (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) ጫፍ ጥርስ ቁጠር። ዲፈረንሻልህ ፎርድ 8 ኢንች (የኮሮናው ስፋት) ከሆነ 28 ነው። 9 ኢንች ከሆነ 28 ወይም 31 ሊሆን ይችላል። ካልገጠመ ሊሚትድ ስሊፑ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀርሃል። 8 ይሁን 9 የምታውቀው እንዲህ ነው፦ ስታወርደው የታችኞቹ ዳዶዎች ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) ገባላቸው? ከገባ 8 ነው። ካልገባና በክፍት ቁልፍ ከፈታሃቸው 9 ነው።

የጋራዥ ልጅ፦ የአክስሉን ቤት በደንብ እጠበው! ያ አሸዋ የሚመስል ብረት ውስጡ ከቀረ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል። ኩሽኔታዎቹንም አብረህ ለውጥ። ፒኞኑ ላይ ያለችው የምትጨመቅ ቀለበት አዲስ ትሁን፤ አንዴ ከተጨመቀች አትመለስም። ጥርሱን ቀለም ቀብተህ አዙረው፤ አሻራው መሐል ላይ ካላረፈ ስፔሰሩን አስተካክል።

ባለቮልሷ፦ የፍጥነት ቆጣሪውንም አትርሳ። 3.55 ስታስገባ በእውነት 100 ስትሄድ 118 ያሳይሃል። ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሿ የኬብል ማርሽ መለወጥ አለባት።

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ደግሞ። ሊሚትድ ስሊፕ ከገባ በኋላ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተህ ሞተር አስነስተህ ማርሽ እንዳታስገባ። መሬት የነካው ጎማ ይዞት ይሄዳል፤ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም አንሳ፣ ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ እግር) ላይ አሳርፈው።

ሴሚያሱን ቆጠርከው?

የጋራዥ ልጅ፦ ባለሙስታንጉ፣ አዘዝክ ወይ? ስንት ጥርስ ሆነ?