የጾም ምሳ ቅድመ ትዕዛዝን በኦንላይን መቀበል

ጥያቄ፦ ረቡዕና ዓርብ ለቢሮ ሠራተኞች የጾም በያይነቱ አደርሳለሁ፤ አቅሜ 40 ምሳ ነው። በስልክ መቀበሉ አላዋጣም። ድረ ገጽ ሳላሠራ በምን ልቀበል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ጉግል ፎርም ይበቃሻል። ስም፣ ስልክ፣ ሕንፃና ፎቅ፣ ብዛት፣ የቴሌብር የግብይት ቁጥር፤ ሁሉንም ግዴታ አድርጊያቸው። ሊንኩን ቴሌግራም ቻናልሽ ላይ ፒን አድርጊው። መልሶቹን ከጉግል ሺት ጋር አገናኚና የብዛቱን ዓምድ ደምሪ። 40 ሲሞላ ፎርሙን ራስሽ ዝጊው፤ ፎርሙ የምሳውን ድምር ስለማይከታተል 40 ሲሞላ በራሱ አይዘጋም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 2፦ የክፍያ ስክሪንሾት በፍጹም አትመኚ፤ በቀላሉ ይቀነባበራል። የግብይት ቁጥሩን ለራስሽ ከሚደርስሽ የቴሌብር መልእክት ጋር አመሳክሪ። ገንዘቡ ሳይገባ ስሙ ወደ ማብሰያው ዝርዝር አይግባ።

መልስ 3፦ ለመድረሻ ሰዓት የፎርሙን የሰዓት መምረጫ አትጠቀሚ። በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 6፡30 ብሎ የሚሞላ ደንበኛ ማለዳ ይሆንብሻል። «ከቀኑ 6፡00»፣ «ከቀኑ 6፡30» የሚሉ ምርጫዎች ጻፊ። መዝጊያውም በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሁን። ሊጡ ግን ለመቡካት ከ2 እስከ 3 ቀን ስለሚፈልግ ትዕዛዝ አይጠብቅም፤ ካለፈው ሳምንት ብዛት ተነሥተሽ አቡኪ፣ በትዕዛዙ ልክ የምትሠሪው ወጡን ነው።