የደንና የመሬት ካርቦን ሒሳብ፦ ሦስተኛውን አንቀጽ እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ አራት ኪሎ ስንገናኝ ረቂቁ ለፊርማ ዝግጁ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ያልተግባባነው በሦስተኛው አንቀጽ ነው፦ «በየዓመቱ የተተከለው ችግኝ የመጠጠው ካርቦን ለሕዝብ ይገለጽ።»

የደን ባለሙያ፦ በዚህ መልኩ አልፈርምም። የተተከለውን ቆጥረን የተመነጠረውን ከተውን ምኑን ሒሳብ ሆነ? አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ሁላችንም ተክለናል፤ ካርቦን የሚይዘው ግን የጸደቀው ነው፣ እሱም ዓመታት ይፈጅበታል። ነባር ደን ሲጨፈጨፍ በግንዱ፣ በሥሩና በአፈሩ ከተከማቸው ካርቦን ብዙው፣ ከፊሉ ወዲያው ከፊሉም ቀስ እያለ፣ ወደ አየር ይወጣል። የወጣውና የገባው በአንድ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ የተጣራው ከሥር ይጻፍ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ አባል አገሮችን ያስገደደው ለዚሁ ነው፦ ከ2021 እስከ 2025 በደንቡ ስሌት ከመሬትና ከደን የሚወጣው ከሚመጠጠው እንዳይበልጥ። በ2023 ሲያሻሽለው ደግሞ በ2030 የኅብረቱ መሬትና ደን በተጣራ ሒሳብ የሚመጠው መጠን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ 310 ሚሊዮን ቶን እንዲደርስ ግብ ጣለ።

የሕግ ክፍል፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን በራሳችን ሕግ እናስደግፈው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቷል፤ ለጠፋው ደን ማን እንደሚጠየቅ ከዚያ እንነሣ። ሌላው፣ አገራችን ደን የምትለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለውን ነው። ከፒያሳ በታች ባሉት ወንዞች ዳር ያለችው ቀጭን የዛፍ መስመርስ የት ትገባለች?

የደን ባለሙያ፦ ትቆጠራለች። በአይፒሲሲ፣ ማለትም በተባበሩት መንግሥታት ሥር ባለው የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያዎች ጉባኤ፣ መመሪያ መሬት በ6 ዓይነት ይመደባል፤ ደን የማይባለው የከተማ ዛፍ በመኖሪያ መሬት ሥር ይመዘገባል።

የሴቶች ጉዳይ ተወካይ፦ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ማን አሰበ? ልቀት ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ ናቸው። የወደቀ ቅርንጫፍ መልቀምና ደን መመንጠር በአንድ ዓይን እንዳይታዩ በግልጽ ይጻፍ። እሱ ከሌለ ስሜን አታስገቡ።

ሰብሳቢ፦ እትዬ፣ ይገባል፤ ለብቻው ንዑስ አንቀጽ ይሁን። አንቀጹም እንዲህ ይነበብ፦ «ከመሬትና ከደን የወጣው፣ የተመጠጠውና የተጣራው መጠን በየመሬቱ ዓይነት በአንድነት ይገለጽ፤ የችግኝ ቁጥር ከጽድቀቱ ተነጥሎ አይቅረብ።» የሕግ ክፍል እስከ ረቡዕ ማታ ያስተካክልልን። ቀድሞ የተመዘገበ ደን በእሳት ሲወድም ከሒሳቡ በየትኛው ዓመት ይቀነስ የሚለውን ሐሙስ እንወስናለን።