የሳይኮሎጂ ላብ ቨርቹዋል ቱር ላይ ምኑን ልይ?

ሣራ_ኮግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ውጭ ለማመልከት የአምስት ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ቨርቹዋል ቱር (ላቦቹን በኢንተርኔት የሚያስጎበኝ) አየሁ። የኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካው) ክፍል፣ አይ ትራከር (የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ)፣ ኤምአርአይ (በማግኔት አንጎልን የሚያነሳው)... ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም አንድ ነው። ትኩረቴ ኮግኒቲቭ (አስተሳሰብ፣ ትውስታ፣ ትኩረት ላይ የሚያጠናው ዘርፍ) ነው። ምናቸውን አይቼ ልለያቸው? ስልኬ ላይ ደግሞ ዳታ ይጨርስና መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

ኤሌክትሮድ፦
ኢኢጂ ክፍል ስትገቢ ከበሩ ጀምሪ። እንደ ትልቅ ፍሪጅ በር ወፍራም ብረት ከሆነ ክፍሉ ከኤሌክትሪክ ጫጫታ የተከለለ ነው። ከራስ ላይ የሚለካው ሲግናል በማይክሮቮልት (በቮልት ሚሊዮንኛ) ነው፤ የመብራት መስመር ደግሞ 50 ኸርዝ (አሜሪካ ከሆነ 60) ይረጭበታል። ያልተከለለ ክፍልም ይሠራል፣ ጫጫታው በፊልተር ይወጣል። ጋማ ሞገድ (50 እና 60 ኸርዝንም የሚያካትት ፈጣን የአንጎል ሞገድ) ላይ ልትሠሪ ካሰብሽ ግን ችግር ነው፤ ፊልተሩ የሚቆርጠው እዚያው የምትፈልጊው ላይ ነው።

ቀጥሎ ላቫንዲኖ ፈልጊ። የምሬን ነው። የጄል ቆብ (ሲግናሉን የሚለቅሙ ኤሌክትሮዶች ያሉበት፣ ፀጉር ላይ ጄል የሚቀባበት) የሚጠቀም ላብ ሻምፑ፣ ፎጣና የፀጉር ማድረቂያ በቅርብ ያስቀምጣል። ቆቡ እንደ ጌጥ ማኔኪን ላይ ተሰቅሎ፣ ውሃ ግን በአካባቢው ከሌለ፣ ወይ ደረቅ ኤሌክትሮድ ነው ወይ ለፎቶ የተዘጋጀ ነው። ኤሌክትሮዶቹን ለመቁጠር አትድከሚ፣ 32 ወይም 64 መሆኑ ብዙ ጊዜ መግለጫው ላይ ይጻፋል።

ቱሩ የማያሳይሽ የፀጉር ጉዳይ ነው። ኤሌክትሮድ የራስ ቆዳ መንካት አለበት፤ ጎፈሬና ወፍራም ሹሩባ ቆቡን ወደ ላይ ያነሳዋል። አንዳንድ ላብ እንዲህ ያለ ተሳታፊ ሲመጣ ዝም ብሎ ይመልሳል፤ እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርጉ በኢሜይል ጠይቂ።

የላብ ሰው፦
ኤሌክትሮድ ባለው ላይ ልጨምር። የኤምአርአይ ማግኔት ሌት ተቀን እንደበራ ነው፤ ብረት ያለበት ካሜራና ትራይፖድ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ብዙ ቱር በሩ ላይ ይቆማል፤ ካልሆነም የሚያሳይሽ ሞክ ስካነር ነው፣ ማለትም ማግኔት የሌለው የልምምድ ማስመሰያ። ሞክ መኖሩ ነውር አይደለም፤ በተለይ ልጆች ላይ ለሚሠራ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት የሚለማመዱበት ነውና። ዋናው ስካነር የዲፓርትመንቱ ነው ወይስ የሆስፒታሉ? ወሳኙ እሱ ነው። አብዛኛው በሰዓት ይከራያል፣ አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች ዶላር። «የማስተርስ ተማሪ ሰዓት የሚያገኘው በማን ግራንት (የምርምር ገንዘብ) ነው?» በያቸው።

አይ ትራከሩን ከአገጭ ማስደገፊያው ትለዪዋለሽ። ማስደገፊያ ካለው ብዙውን ጊዜ 1000 ኸርዝ አካባቢ የሚለካ ነው። ስክሪን ሥር የተለጠፈች ቀጭን ዘንግ ብቻ ከሆነች 60 ልትሆን ትችላለች፤ ያ ማለት በየ17 ሚሊሰከንዱ አንድ ነጥብ። ስናነብ ዓይን ከቃል ወደ ቃል የሚዘለው ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ባለ ጊዜ ነው። ሁለት ነጥብ ይዘሽ የዝላዩን ፍጥነት ልትለኪ አትችዪም። ሰው ማስታወቂያው ላይ የቱን ጥግ አየ ለሚለው ግን ትበቃለች።

ካዛንቺስ_ኔት፦
ዳታውን በተመለከተ፦ ቱሩን ዲፓርትመንቱ ገጽ ውስጥ እንደተሰካ አትጠቀሚው፣ ሙሉ ስክሪን የሚያደርገውን ምልክት ነክተሽ ለብቻው ክፈቺው። ሌላ ታብ ሁሉ ዝጊ፤ ስልክ ሜሞሪ ሲያጥረው ነው መሃል ላይ የሚቆመው። ስልኩን ስታዞሪ ምስሉ አብሮ የሚዞር ከሆነ የሞሽን ሴንሰሩን አጥፊው። ከተቻለ ኮምፒውተር ላይ እዪው፣ የወለል ፕላን ካለው በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። ፕላኑ ላይ ተሳታፊ የሚጠብቅበት ክፍልና የመለኪያው ክፍል ምን ያህል እንደሚራራቁ ታያለሽ።

ሣራ_ኮግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ተመልሼ አየሁት፤ ሁለተኛው ቱር ላይ ኤምአርአዩ አጠገብ ባለ ጎማ የብረት ወንበርና ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ።

የላብ ሰው፦
ሞክ ነው። ዋናው የት እንዳለ ጠይቂ።