ለስልክ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ፓወር ባንክ፣ ስለ ገመድና ስለ ፎቶ ማስቀመጫ ጥቆማ

«የትኛው ፓወር ባንክ ይሻላል?»፣ «ፎቶ የት ባስቀምጥ ይሻለኛል?» የሚሉ ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ስለሚቀርቡልኝ፣ የተጠቀምኩባቸውን እያነጻጸርኩ የደረስኩበትን እዚህ አስቀምጣለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለስልካችን ከምንገዛቸው ዕቃዎች ጥቂት የማይባሉት፣ ስልኩ ራሱ የሚችለውን ሥራ የሚደግሙ ወይም በአምስት ደቂቃ ጽዳት የሚወገድ እንከን ለመሸፈን የሚገዙ ናቸው። ስለሆነም ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበትን እያስቀደምኩ እሄዳለሁ።

ከሁሉ በፊት የቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ይታይ። ገመዱ እስከ መጨረሻው አልገባ ሲል ወይም ስልኩ ትንሽ በተነካ ቁጥር ቻርጁ ሲቋረጥ፣ ብዙ ሰው ገመዱን ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ያው ሲሆንበት ስልኩን ወደ ጠጋኝ ይወስዳል። እኔም ሁለት ገመድ ከጣልኩ በኋላ ስልኩን አጥፍቼ ቀዳዳውን በብርሃን ስመለከተው፣ ከኪሴ የገባው የጨርቅ ብናኝ ገመዱ በተሰካ ቁጥር እየተጠቀጠቀ መጨረሻው ላይ ተነጥፎ አገኘሁት። በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ጥግ ጥጉን ቀስ እያልኩ ስፈለፍለው፣ የትንሿን ጣት ጥፍር የሚያህል ግራጫ ድብልብል ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ገመድ ጥብቅ ብሎ ገባ። መርፌም ሆነ ሌላ ብረት ፈጽሞ አይሞከር፤ በዩኤስቢ-ሲ (በአብዛኛው አዲስ ስልክ ላይ ባለው ሞላላ) ቀዳዳ መካከል ያለችው ስስ ምላስ ከተጎዳች ጉዳዩ የጽዳት መሆኑ ያበቃል።

ወደ ፓወር ባንክ ስንመጣ፣ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ገዢውን የሚያሳስት ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው በውስጡ ያለው ባትሪ በራሱ 3.7 ቮልት የሚይዘው መጠን እንጂ ለስልኩ የሚሰጠው አይደለም። ሁለቱ ተባዝተው ለ1,000 ሲካፈሉ 37 ዋት ሰዓት፣ ማለትም የተጠራቀመው ጉልበት መጠን፣ ይሆናል። ፓወር ባንኩ ይህንን ወደ 5 ቮልት ከፍ አድርጎ ሲያወጣ ቁጥሩ በስሌት ብቻ ወደ 7,400 ይወርዳል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ 6,000 አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ሳይደርስ ወይም ግማሽ ላይ ቢያቋርጠው ተጭበረብሬያለሁ ማለት አይገባም። ማጭበርበሩ የሚታወቀው ሌላ ቦታ ነው። ጥሩ አምራች በዕቃው ጀርባ፣ ዓይን በሚያስጨፍን ደቃቅ ጽሑፍ፣ በ5 ቮልት የሚሰጠውን ትክክለኛ መጠን ለይቶ ይጽፋል። ይህ መስመር ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም የመዳፍ ግማሽ በማትሞላ ቀላል ዕቃ ላይ 50,000 የሚል ቁጥር ካያችሁ ሳትከራከሩ መልሳችሁ አስቀምጡት።

በ10,000 እና በ20,000 መካከል ለሚያመነታ ሰው የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። ትልቁ ክብደቱ የትንሹን እጥፍ ስለሚጠጋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤት ውስጥ መቅረቱ አይቀርም፤ ቤት የተቀመጠ ፓወር ባንክ ደግሞ መንገድ ላይ አይደርስም። ላፕቶፕ ለሚሞላ ወይም ከአንድ ቀን በላይ ከመብራት ለሚርቅ ሰው ግን 20,000 ተገቢ ነው። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ ፓወር ባንክ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ መያዝ እንደማይችል፣ ከዚያ በታች የሆነውንም በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ማስገባት እንደተከለከለ ይወቅ። 100 ዋት ሰዓት ማለት ወደ 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው።

ስለ ገመድ ብዙ አልልም። አንዳንዱ ርካሽ ገመድ ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ስለሌሉት፣ ስልኩን ቻርጅ እያደረገም ኮምፒውተሩ ስልኩን አያየውም። የዩኤስቢ-ሲ ጫፍ መኖሩም ፍጥነት መኖሩን አያረጋግጥም። ተራው የዩኤስቢ-ሲ ገመድ እስከ 60 ዋት የሚያሳልፍ ስለሆነ ለአብዛኛው ስልክ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ላፕቶፕ ግን በውስጡ መለያ ቺፕ ያለው፣ 100 ወይም 240 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ገመድ ያስፈልጋል። የራሳቸው ዓይነት ፈጣን ቻርጅ ያላቸው ስልኮች አብሯቸው ከመጣው ገመድ ውጭ ፍጥነታቸውን ላይሰጡ ስለሚችሉ ያ ገመድ ለሰው አይዋስ።

ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የፎቶ ማስቀመጫ ነው፤ ምክንያቱም ገመድ ቢበላሽ ይተካል፤ ፎቶ ቢጠፋ ግን አይተካም። ሦስቱ የተለመዱ አማራጮች ሚሞሪ ካርድ፣ ቴሌግራምና የጎግል ወይም የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ ናቸው። ሚሞሪ ካርድን የማስቀምጠው በመጨረሻ ረድፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ለወራት ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ፣ ፎቶዎቹን ስከፍት ከአንድ የተወሰነ ቀን ወዲህ የተነሱት ሁሉ ከላይ ጥቂት ምስል፣ ከታች ግራጫ ብቻ ሆነው ተገኙ። የካርዱ እውነተኛ አቅም ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነበር፤ ሲሞላ ግን «ቦታ የለም» ከማለት ይልቅ መጻፉን እንደቀጠለ ያስመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርድም ሆነ ፍላሽ ስገዛ በዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ደግሞ ኤፍ3 የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች እጠቀማለሁ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይናገራሉ። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ ከፍቶ መተኛት ነው።

ቴሌግራም ለአጠቃላይ ማከማቻ ገደብ ስለማያደርግና በነፃ አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል፣ ለራስ በሚላከው የተቀመጡ መልእክቶች ክፍል ውስጥ ሰነድ ማኖር በጣም ያመቻል። ነገር ግን ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ጥራቱ ሳይነካ እንዲቀመጥ ከተፈለገ «እንደ ፋይል» በሚለው መላክ ያስፈልጋል። ይህንን በየቀኑ በእጅ ማድረግ ስለማይቻል ቴሌግራምን ለሰነድ እንጂ ለፎቶ አልጠቁምም።

ለፎቶ የምጠቁመው ሳንታዘዝ በራሱ የሚጭነውን ነው። ጎግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ይህ ግን ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ ነው። አፕል አይክላውድ በሚባለው ማስቀመጫው የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ሲሆን፣ ቪዲዮ ለሚያነሳ ሰው ቶሎ ይሞላል። ከሁለቱም ጋር የሚመጣውና ብዙዎችን ያስለቀሰው ነገር፣ «ኢንተርኔት ላይ ስላለ ከስልኬ ላጥፋው» ብሎ ከጎግል ፎቶስ መተግበሪያ ወይም አይክላውድ ከተከፈተበት የአይፎን የፎቶ መተግበሪያ መሰረዝ ነው። መተግበሪያውና ማስቀመጫው የተሳሰሩ ስለሆኑ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሰረዛል። በጎግል ፎቶስ የተጫነ ፎቶ 60 ቀን፣ በአይክላውድ 30 ቀን ያህል በቅርጫት ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ቦታ ለማስለቀቅ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ለዚሁ የተሠራውን ማዘዣ (Free up space የሚለውን) መጠቀም ይገባል፤ እርሱ የስልኩን ቅጂ ብቻ ያነሳል። ከዚህ በተጨማሪ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሁሉንም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥን እመክራለሁ። ሃርድ ዲስክ መውደቅን ስለማይወድ ፎቶው ከተገለበጠበት በኋላ ከቦታው ባይነሳ ይመረጣል።

የመጨረሻው ጥቆማ ምንም የማይገዛበት ነው። ፎቶው ሁሉ በአንድ አካውንት ውስጥ ሆኖ ስልኩ ቢጠፋ፣ አዲሱ ስልክ የሚጠይቀው የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደ ጠፋው ስልክ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ለከፈተ ሰው ጎግል ባለ 8 አሃዝ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህን የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ቁልፍን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ስለሆነ፣ በወረቀት ገልብጣችሁ ከመታወቂያና ከሌሎች ሰነዶቻችሁ ጋር አኑሩት፤ የተጠቀማችሁበትንም በእስክሪብቶ ሰርዙት። አዲስ ኮዶች ካወጣችሁ አሮጌዎቹ በሙሉ ስለሚሻሩ አሮጌውን ወረቀት ቀድዳችሁ ጣሉ።