ደም ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ህብረ ህዋስ የሚባለው ለምንድን ነው?

እናት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ልጄን እያስጠናሁ ሳለ አንድ ነገር አስቸገረን። ህዋሳት ተሰባስበው ህብረ ህዋስን፣ ህብረ ህዋሳት የአካል ክፍልን፣ የአካል ክፍሎች ደግሞ ሥርዓትን እንደሚሠሩ ተረድታለች። ደብተሯ ላይ ግን «ደም ህብረ ህዋስ ነው» ተብሎ ተጽፏል። «ጡንቻ ይጨበጣል፤ የሚፈስ ነገር እንዴት ህብረ ህዋስ ይባላል?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀችው ብዙ ተማሪ ሳያስብበት የሚያልፈውን ነገር ነው፤ በርቺ ይበሉልኝ። ህብረ ህዋስ ለመባል መጠጠር ግድ አይደለም፤ ህዋሳት ተባብረው አንድ ዓይነት ተግባር መፈጸማቸው ነው ዋናው። በአጥንት ውስጥ በህዋሳቱ መካከል ያለው ነገር በካልሲየም ማዕድን የጠነከረ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ግን ያንኑ ቦታ የያዘው ፕላዝማ የተባለው ፈሳሽ ነው። በዚህ የተነሳ ደምና አጥንት ምንም የማይመሳሰሉ ቢመስሉም ሁለቱም አያያዥ ከሚባለው የህብረ ህዋስ ወገን ይመደባሉ። ልብና የደም ሥሮች የአካል ክፍሎች ናቸው፤ ከደም ጋር ሆነው የደም ዝውውር ሥርዓትን ይመሠርታሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ በሥራዬ የማየውን ልጨምር። እንዳይረጋ ተደርጎ በቱቦ የተቀዳ ደም በማሽን በፍጥነት ሲሽከረከር ከላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ፣ ከታች ጠቆር ያለ ቀይ ዝቃጭ፣ በመካከላቸውም በጣም ስስ ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ቢጫው ፕላዝማ ነው፤ ከደሙ 55 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከታች ያሉት ቀይ የደም ህዋሳት ሲሆኑ፣ በስሱ መስመር ላይ ነጭ የደም ህዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። ለልጅዎ ይህን ሥዕል አድርገው ቢያሳዩአት ህዋሳቱ የት እንዳሉ ወዲያው ይገባታል።

እናት (ጠያቂ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሥዕሉን አብረን ሣልነው። አሁን ደግሞ «ባለ አንድ ህዋስ የሆኑትስ ህብረ ህዋስ ከሌላቸው ሙሉ አካል ናቸው?» ትላለች።

ሌላ አባል፦ አዎን፣ ናቸው። ለእንጀራ ሊጥ የምንጨምረውን እርሾ ያስቡ፤ በውስጡ ካሉት ሕያዋን አንዱ የሆነው ባለ አንድ ህዋስ ፈንገስ በዚያችው ህዋሱ ይመገባል፣ ጋዝ ያስወጣል፣ እያቆጠቆጠም ይራባል። ለእርሱ ህዋሱም አካሉም አንድ ነው፤ በመካከል ያሉት ደረጃዎች አያስፈልጉትም።